መክተፊያ ማስላግ

እቤታችን ሁለት መክተፊያ አለ። አንደኛው የጾም ነው፤ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጎመን በቀር ሌላ ነገር ነክቶት አያውቅም። ሁለተኛው የፍስክ ነው። ይኼኛው ከአንድ ወጥ ዋንዛ የተጠረበ፣ አራት ጣት የሚወፍር፣ ሴት አያቴ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ከቀንድ ማንኪያዎቿና ከጣባዎቿ ጋር ያመጣችው ነው። ዋንዛ ለዚህ ሥራ በከንቱ አልተመረጠም። ከበሮ የሚፈለፈለው ከእሱ ነው፤ ሙቀጫም ከእሱ ይወጣል። በጋና ክረምት ሲፈራረቅበት የባሕር ዛፍ ጣውላን ያህል አይጣመምም፤ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፤ ቢላዋ ሲያርፍበትም ስለቱን አያዶለዱመውም። ወይራ ከእሱ ይጠነክራል፤ ያ ጥንካሬው ግን ስለት ይበላል። መክተፊያ ትንሽ ገርነት ይፈልጋል።

የዋንዛው መሐል ጎድጉዶ ነበር። ላየው ሰው ያምራል፤ ዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ ወደ መሐል ቀስ እያለ ይወርዳል፣ በዘመናት ቅቤ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ክትፎ ለሚሠራ ሰው ግን መከራ ነው። የቢላዋ ስለት ቀጥ ያለ ነዋ። ጎድጓዳ ላይ ሲያርፍ ጫፍና ጫፉ ዳር ይነካል፤ መሐሉ አየር ላይ ይቀራል። እዚያ መሐል ያለው ሥጋ ይጨፈለቃል እንጂ አይቆረጥም፤ ስሱ ጅማትም ሳይበጠስ ተያይዞ ይቀራል። እናቴ ጅማቱን በጣቷ እየለቀመች ታወጣለች፤ እንደገና ትከትፋለች፤ በዚህ መሐል ሥጋው ከልክ በላይ ይልምና ውሃ ያወጣል። የጥሩ ክትፎ ፍሬው አፍ ላይ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ይህን ጉድለት ንጥር ቅቤም፣ ኮረሪማም፣ ሚጥሚጣም አይሸፍኑትም፤ ክትፎ የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያው ጉርሻ ይለየዋል።

ስለዚህ እናቴ ቅበላው ሲያልፍ መክተፊያውን በሎሚና በጨው አሸችው፤ በፈላ ውሃ ለቀለቀችውና ግድግዳ አስደግፋ፣ «በል ውሰድና አስልገው» አለችኝ። ጊዜው በደንብ የታሰበበት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ የፍስክ ዕቃው ታጥቦ ይቀመጣል። የሥጋ መክተፊያ ይህን ያህል ጊዜ ሥራ ፈቶ የሚያርፍበት ሌላ ወቅት ዓመቱን ሙሉ የለም።

አክስቴ ወሬውን ስትሰማ ተቆጥታ መጣች። የእናቴ ታላቅ ናት፤ እናቴ «እትዬ» ነው የምትላት።

«የእናታችንን እጅ ልታስልጊው ነው?» አለቻት ገና ሳትቀመጥ። «ያ ጉድጓድ እኮ የእሷ እጅ ነው። ስንት መስቀል የከተፈችበት!»

«እትዬ፣ ሥጋው አልቆረጥ አለኝ።»

«አዲስ ግዢና ይኼን አስቀምጪው።»

«አስቀምጬ ምን ላድርገው? እማዬ እንደሆነች በጎድጓዳ ላይ ስትከትፍ አይቻት አላውቅም።»

አክስቴ በዚህ ንግግር ይበልጥ ተከፋች። እኔ ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። የሞተ ሰው እጅ ያረፈበትን ዕቃ እንደ አክስቴ እወድዳለሁ። ግን መክተፊያን የሚያከብረው ሥራው ነው። ከሥራ የወጣ መክተፊያ በሁለት ትውልድ ውስጥ ማን እንደጠረበው፣ ማን እንደከተፈበት የሚጠፋ ጣውላ ይሆናል። በየበዓሉ የሚወጣ ከሆነ ግን ስሟም አብሮት ይወጣል።

ሦስተኛ ሐሳብ ያቀረበ ሰውም ነበር። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በስልክ፣ እንጨት ጀርም ይይዛል፣ ፕላስቲክ ልላክላችሁ አለ። ይህ አባባል እዚህም ተስፋፍቷል፤ ብዙ ቤት የእንጨቱን ጥሎ ፕላስቲክ ገዝቷል። ነገሩ ግን ተመርምሯል። ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዲን ክሊቨር ከባልደረቦቹ ጋር እንጨትና ፕላስቲክ መክተፊያዎች ላይ ባክቴሪያ እያፈሰሰ ሞክሮ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳትሟል። እንጨቱ ባክቴሪያውን ከፊቱ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ እዚያም ሳይባዛ ይሞታል። ፕላስቲኩ አዲስ ሳለ በደንብ ይታጠባል፤ ቢላዋ ከቧጨረው በኋላ ግን ጭረቱ ውስጥ የገባውን ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ነንና ይህን ማወቅ ያስፈልገናል። ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ቀጥሎም በሁለቱም ፊት ነፋስ እንዲያገኘው አቁሞ ማድረቅ፤ ለእንጨት ይህ ይበቃዋል። ኮሶ ትልን በተመለከተ መክተፊያው ንጹሕ ነው፤ የትሉ እጭ የሚመጣው ከሥጋው ከራሱ ነው።

መክተፊያውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ መርካቶ ወረድኩ። ዛሬ የአብዛኛው የዕንጨት ቤት ሥራ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ ነው፤ ወጥ ዋንዛ የሚልግ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዱ ማሽን ያለው ቤት ተቀበለኝ። የማሽኑ ባለሙያ ወጣት ነው፤ እንጨቱን አሽትቶ «ዋንዛ!» ሲል ፊቱ በራ። ማሽኑ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ስለቶች የተሰኩበት ብረት በኃይል ይሽከረከራል፤ ጣውላው ከሥሩ እየተገፋ ሲያልፍ ከላዩ በስሱ ይላጣል። ለቀጥ ያለ ጣውላ እጅግ ምቹ ነው። እኔ ግን ከመግባቱ በፊት ግንባሩ ላይ ያለውን ሰማያዊ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ አሳይቼ «ይኼ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤቱ «የደም ነው፤ ይላጣል» አለና አስገባው።

ደም አልነበረም። እንጨት ውስጥ ብረት ተቀብሮ እርጥበት ሲያገኘው፣ ከእንጨቱ ታኒን ጋር ተዋህዶ እንዲህ ያለ ጥቁር ያወጣል። ማሽኑ ነጠብጣቡ ጋ ሲደርስ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ተሰማ፤ የእሳት ብልጭታ ወጣ፤ ወጣቱ ዘሎ ማብሪያውን አጠፋው። ያገኘነው ጭንቅላቱ ተቆርጦ የተቀበረ የድሮ ምስማር ነበር፤ አንድ ዘመን ላይ ስንጥቅ ለመያዝ የተመታ። የማሽኑ ስለት ተሸርፏል። በዋንዛው ላይም ስለቱ በተሸረፈበት በኩል ያልተላጠ ጭረት ቀርቷል።

ባለቤቱ የስለት ዋጋ ክፈል አለ። እኔም ነጠብጣቡን አስቀድሜ አሳይቼዎታለሁ አልኩ። ክርክሩ በረንዳ ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮ የሚሸጡ አንድ አባት ገቡበት፤ ወጣቱም «እውነቱን ነው፣ አሳይቶናል» ብሎ መሰከረልኝ። ለአሠሪው ፊት ለፊት እንዲያ መናገሩን አልረሳውም። በመጨረሻ የስለቱን ማስሳያ ልክፈል ተባለ፤ ከፈልኩ። መክተፊያዬን በግማሽ ተልጎ፣ በግማሽ ጠቁሮ ይዤ ወጣሁ።

የበልግ ዝናብ ደግሞ ያን ቀን ነው የመጣው። ሚኒባስ ውስጥ ከረጢቱ ጉልበቴ ላይ ተከፍቶ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት የተላጠውን በኩል አዩት። «ዋንዛ ነው አይደል?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። መዳፋቸውን አሳረፉበት። አባታቸው ከዋንዛ ንብ ቀፎ ይጠርብ እንደነበር፣ ዛፉ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ግቢው በንብ ይሞላ እንደነበር ነገሩኝ። «ዛሬ ማን ይቆርጠዋል» አሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ መከልከሉም ተገቢ ነበር። ዋንዛ ጥላው ሥር ቡና ያበቅላል፣ ንብ ይቀልባል። ያለውን ዋንዛ ጥሎ ሌላ መፈለግ ለዚህም ነው የሚከብደኝ። አራት ጣት ውፍረት ያለው ወጥ ጣውላ የብዙ ዓመት ዛፍ ነው።

ያቺው ሴት ናቸው ሽማግሌውን አናጢ የጠቆሙኝ። ሠፈራቸው ውስጥ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ቤት፣ ያለ ማሽን የሚሠሩ ሰው። ስደርስ ወንበር እየጠገኑ ነበር። መክተፊያውን ተቀብለው ብርሃን ወዳለበት ወሰዱትና ምንም ሳይሉ ከመደርደሪያ ላይ ክብ ማግኔት አወረዱ፤ ከተበላሸ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ነው። በመክተፊያው ላይ ዝግ እያሉ አሳለፉት። ግንባሩ ላይ አንድ ጊዜ ጥብቅ አለ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ቦታ ያዘ። «ሁለት ናቸው» አሉ። «ምስማር ሳይፈልጉ ዕንጨት የሚልጉ ምን ሆነው ነው?»

ምስማሮቹን ዙሪያቸውን በቀጭን መሮ ከፍተው በጉጠት ነቀሏቸው። የምስማሮቹን ቀዳዳ ከዚያው ከዋንዛ በጠረቡት ችካል ደፈኑት። ከዚያ መክተፊያውን ገልብጠው የታችኛውን ፊት ሲያዩ ዝም አሉ። አውራ ጣታቸውን ወደ መሐል አስገብተው ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ይኼ ፊት ድሮ ላይ ነበር» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

አሳዩኝ። የታችኛው ፊት በመጥረቢያ የተጠረበ ነው፤ የምቱ ዱካ ይታያል። መሐል ላይ፣ መጥረቢያው ባልደረሰባት ዝቅ ባለች ቦታ ግን ጥቅጥቅ ያለ የቢላዋ ጭረት ነበር፤ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ የተመታ። ማለት አንድ ጊዜ ይህ ፊት ክትፎ ይከተፍበት ነበር፤ ጎደጎደ፤ ሰው ዳር ዳሩን ጠርቦ አስተካከለውና ገለበጠው። እኛ የምናውቀው ጉድጓድ ሁለተኛው ነው።

ለአክስቴ እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ቆይ… ከመስቀል በፊት መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር» አለች። ልጅ ሳለች፣ ዕንጨት ሊፈልጥ የሚመጣ፣ እግረ መንገዱን የግቢውን መክተፊያዎች ሁሉ የሚጠርብ። አያቴ ሰውየው ሳይጨርስ ቡና አቅርባለት ከአጠገቡ ቆማ «እዚህ ጋ ከፍ ብሏል፣ እዚህ ጋ አንሷል» ትለው ነበር። አክስቴ ይህን እየነገረችኝ ድምፅዋ ተለወጠ። «እንግዲያው ይላግ» አለች። «ግን በደንብ ይላጉት።»

ሽማግሌው በደንብ ነው የላጉት። አሠራራቸውን ልጻፈው፤ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም። በእርሳስ ፊቱን ሁሉ አግድምና ቁልቁል አሰመሩበት፤ መስመሩ የጠፋበት ተልጓል፣ መስመሩ የቀረበት ገና ዝቅ ያለ ነው። በመላጊያው መጀመሪያ አግድም፣ የእንጨቱን ሥር አቋርጠው ላጉ፤ እንዲህ ሲሆን ከፍ ያለው ዳር ቶሎ ይወርዳል፣ ዕንጨቱም በረጅሙ አይሰነጠቅም። ዳርና መሐሉ ሲቀራረብ ወደ ቁመቱ ዞሩ። ያኔ የሚወጣው ልጥ ረጅምና ስስ ሆነ፤ ወርቃማ፣ ትንሽ ቀላ ያለ። መላጊያውን በጎኑ አቁመው ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እያዩ ነው የሚለኩት።

አንዱን ፊት ብቻ ቢልጉ ግን ሥራው ይበላሻል። አዲስ የተላገ ፊት እርጥበቱን ቶሎ ይለቃል፤ አሮጌው ፊት ይዞ ይቆያል፤ ጣውላው ወደተላገው በኩል ይጎብጣል። ስለዚህ ከሁለቱም ፊት እኩል አነሱና፣ በቁሙ ግድግዳ ሳይነካ እንዲያርፍ አደረጉት። «ይተንፍስ» አሉ። ስመለስ በእርግጥም ስንዝር በማይሞላ ቦታ ላይ ትንሽ ተነሥቶ ነበር፤ ያቺን በድጋሚ አወጧት። ከዚያ የመስታወት ስባሪ አንሥተው በስለቱ ፊቱን ጋጡት። ብርጭቆ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፤ 80፣ 120፣ 220። በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ አራሱት። ሲደርቅ የተኛው የእንጨት ጠጉር ብድግ አለ፤ በ220 አንዴ አሻሹትና ለስልሶ ቀረ። ይህን አሁን ካላደረጉት እቤት የመጀመሪያው እጥበት ያስነሣዋል። አራት ጣት የነበረው ሦስት ጣት ሊሞላ ጥቂት ጎደለው። አንድ ትውልድ፣ ምናልባትም ሁለት፣ ያገለግላል።

ለዘይቱ ጎረቤት ሁሉ አስተያየት ነበረው። ንጥር ቅቤ ያለ አለ፤ ቅቤ ይበላሻል፣ ይሸታል። ኑግ ያለ አለ፤ ኑግ ቀስ ብሎ ይደርቅና ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። የሚሆነው ተልባ ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እንጨቱ ውስጥ ይጠጥራል፤ ይህ ባሕርዩ ነው ለሠዓሊ ቀለምም ያስመረጠው። ግን ቀለም ቤት «የፈላ» ተብሎ የሚሸጠውን መተው ነው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብዙ ጊዜ የብረታ ብረት ውህድ ይጨመርበታልና ለምግብ ዕቃ አይሆንም። የሚፈለገው ለመብል የተጨመቀው ጥሬ ዘይት ነው። በሁዳዴ ተልባ የማይቆላ፣ የማይወቀጥ ቤት የለም፤ ስለዚህ ዘይቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም።

ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ጠጣው፤ የተረፈውን ጠረግሁ። ሽማግሌው ስለ ጨርቁ አስጠንቅቀውኝ ነበር። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተዘረጋ ሙቀቱ ይበተናል፤ ከተጠቀለለ መውጫ ያጣና እየጋለ ሄዶ ያለ ክብሪት ይነድዳል። ስለዚህ ጨርቆቹን በአጥሩ ሽቦ ላይ አንድ በአንድ ዘርግቼ ወጣሁ። ከሰዓት ዳመነ። እቤት የምትረዳን ልጅ ዝናብ እንዳይመታው ብላ የታጠበውን ልብስ ስትሰበስብ፣ ጨርቆቹንም በአንድነት ጠቅልላ ከሰል ማዳበሪያው አጠገብ ባለ ዘንቢል ውስጥ አኖረቻቸው። ማታ እናቴ ያረረ ተልባ ሸተታት። ምጣዱን አየች፤ ቀዝቅዟል። ሽታውን ተከትላ ስትሄድ ዘንቢሉ ይጨሳል። ጥቅሉን በመቆስቆሻ ፈልቅቀን ስናየው ልቡ ቡናማ ሆኖ ግሏል። ውሃ ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ልጅቱ ደንግጣ አለቀሰች፤ ማንም አልነገራትምና ምንም ጥፋት የለባትም። ይህን የሚያነብ ሰው ግን ተነግሮታል፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይግባ።

ዘይቱ በየመሐሉ እየተቀባ፣ እየደረቀ ሳምንታት አለፉ። የሚቀረው ሰም ነው፤ እሱ የአክስቴ ድርሻ ሆነ። አክስቴ ለሠርግ ጠጅ ትጥላለች። ጠጅ ሲጠለል የሚቀረውን ሰፈፍ ውሃ ውስጥ ታፈላዋለች፣ በጨርቅ ታጣራዋለች፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። «የዛሬ ጧፍ እንኳ ፓራፊን ገብቶበታል፤ ይኼ ግን የማር ነው» ብላ ቢጫ ጥፍጥፍ አመጣችልን። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ስለዚህ በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቀለጥነው። አንድ እጅ ሰም፣ አራት እጅ ዘይት። አክስቴ እራሷ በመዳፏ እያሞቀች ቀባችው፤ ሁለቱንም ፊት፣ ግንባሩን ደግሞ ደጋግማ። ዕንጨት ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በግንባሩ ነው።

በፋሲካ እናቴ ከተፈችበት። ቢላዋው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነበር የሚያርፈው። ሥጋው ፍሬ በፍሬ ተቆረጠ፤ ጅማት ልቀማ የለም፤ ክትፎው ከቆጮው ጋር ሲቀርብ አክስቴ ሁለተኛ ጊዜ አስጨመረች።

በማግስቱ የራሷን መክተፊያ በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጣች። እሱም ዋንዛ ነው፤ ጉድጓዱ ከእኛም ይብሳል። «ለመስቀል እንዲደርስልኝ» አለችኝ። እኔም ወደ ሽማግሌው ከመሄዴ በፊት ከአሮጌ ራዲዮ የነቀልኩትን ማግኔት አምጥቼ በላዩ ላይ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩት። ግንባሩ ጋ ሲደርስ ያዘ።